ጎረቤት ያጣ ቅርስ

ስለ ላሊበላ በተወራ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሚያነሡት ሰዎች ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ እንዲያውም አብዛኞቹ ቅርሱን ከልባቸው የሚወዱ ናቸው። «እነዚያ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በመንደር ተከበው እስከ መቼ ይዘልቃሉ? ነዋሪው ለምን ጨርሶ አይነሣም?» ይላሉ። ሰሚውም ብዙ ሳያስብ ራሱን ይነቀንቃል። ፍሳሽ አለ፣ ጢስ አለ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ አለ፣ እንግዳ የሚከታተሉ ልጆች አሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጥያቄው ግን ከሥሩ የተጣመመ ይመስለኛል፤ መንደሩን በቅርሱ ላይ እንደ ተደቀነ አደጋ ቆጥሮ ይነሣልና። እኔ የማምነው ሌላ ነው። የላሊበላ መንደር ራሱ የቅርሱ አካል ነው። ነዋሪው ከአብያተ ክርስቲያናቱ በራቀ ቁጥር የሚጎድለው አንድ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ እነዚያን ዓለቶች ለስምንት መቶ ዓመታት ያህል ቤተ ጸሎት አድርጎ ያቆያቸው አኗኗርም አብሮ ይሄዳል።

ይህ የእኔ የብቻዬ ፈጠራ እንዳይመስል መዝገቡን ማየት ይበቃል። ዩኔስኮ ላሊበላን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በ1970 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዷ ነበረች፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም አብሯት ገብቷል። የቅርሱ መግለጫ ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት አልፎ አጠገባቸው ያለውን መንደርና በቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ያነሣል፤ የላስታ ጎጆዎች ብሎ በስማቸው ይጠራቸዋል። ከዚያ ወዲህ ግን እኛ ራሳችን ምስሉን እየቆረጥን አሳነስነው። በፖስታ ካርዱም፣ በአየር መንገዱ መጽሔትም፣ በየሆቴሉ ግድግዳም የምናየው ከላይ የተነሣው የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ብቻ ነው። ፎቶው ውስጥ ሰው ካለ ወይ ነጠላ የለበሰ ካህን ነው፣ ወይ ጥላ የያዘ። ቤቱ የት ነው፣ ማታ የት ያድራል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጢሱ የሚጠብቀው ጣሪያ

ከሩቅ ያየው ሰው የላስታን ቤት ከሌላው ጎጆ ላይለየው ይችላል። ቀርቦ ሲታይ ግን የራሱ ብልሃት ያለው ሥራ ነው። ግድግዳው ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ በክብ ይነሣና እስከ ሁለተኛው ፎቅ ይደርሳል። ከታች ከብትና ፍየል ያድራል፤ ሰው ከላይ ከደርቡ ይኖራል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጀርባዋ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቆሟል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት አገር፣ ከታች የሚወጣው የከብት ትንፋሽ ለደርቡ ማሞቂያው ነው። ጣሪያው ሣር ነው፤ የምድጃው ጢስ በሣሩ መሐል እየተጣራ ይወጣል። ጎብኚው ዐይኑን እያሸ የሚሸሸው ይህ ጢስ፣ ሣሩን ከነቀዝና ከትል፣ ማገሩን ከእርጥበት የሚጠብቀው እሱው ነው። እሳት የማይነድበት ጎጆ ዕድሜ የለውም። ሰው ከወጣበት በጥቂት ክረምት ውስጥ ክዳኑ ይበሰብሳል፣ ውኃ ወደ ግድግዳው ይወርዳል፣ ጭቃው ታጥቦ ድንጋዩ ይናዳል። እንዲህ ያለውን ቤት «ለቅርስነት ይጠበቅ» ብሎ ነዋሪውን ማስወጣት መጠበቂያውን ነቅሎ እንደ መጣል ነው።

የቤቱ ነገር ይህ ከሆነ የሰፈሩ ነገር ደግሞ ይብሳል። ላሊበላ ውስጥ የቅዳሴው ሰዓት የመንደሩ ሰዓት ነው። ካህናቱና ዲያቆናቱ ሌሊት ተነሥተው ማሕሌት የሚቆሙት በእግር ከሚደርሱበት ቦታ ስለሚኖሩ ነው። የአብነት ተማሪው ዜማውን እያንጎራጎረ የሚለምነው ከእነዚሁ ደጃፎች ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ባሉት የዓለት ዋሻዎች የሚኖሩ መነኮሳትና እማሆዮች ጥሬም ሆነ ቁራሽ የሚደርሳቸው ከመንደሩ ነው። ሰንበቴው፣ የጽዋ ማኅበሩ፣ ዕድሩ፣ ክርስትናው፣ ቀብሩ ሁሉ በአንድ ቁልቁለት ላይ ተጠላልፎ ይኖራል። የዚህን ክር አንዱን ጫፍ ይዞ «ይሄ ቅርስ ነው፣ ያኛው ደግሞ ሰፈራ ነው» ብሎ መለየት በወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን ነገር ነው።

ይህ መጠላለፍ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በገና ሰሞን ነው። ታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ብቻ ሳይሆን በትውፊቱ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ነውና፣ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ሕዝብ ይተማል። ብዙው በእግሩ ቀናት ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ሆቴል ስንቱን ያሳድራል? ደግሞስ የሆቴል ዋጋ የሚችለው ስንቱ ነው? እንግዳውን የሚቀበለው መንደሩ ነው። መንገድ የቆረጠውን እግር በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ጠላና ዳቦ ማቅረብ፣ ከሳር ወይም ከአጎዛ ላይ ማሳደር ለላሊበላ ሰው ሃይማኖታዊ ግዴታው ነው፤ በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ በማሜ ጋራ ላይ ሆነው ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ» የሚሉበት የልደት ጧት የሚሰምረው ማታውን ያ ሁሉ ሕዝብ ቤት ለእንግዳ ብሎ የሚያስጠጋው ሰው ስላገኘ ነው። ሰፈሩ ከራቀ እግር አጣቢውም ይርቃል። ይህን ክፍተት የትኛው የቱሪዝም ፕሮጀክት በድንኳንና በተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ይሞላዋል?

ወደ ኩራኩር

ማንሣቱ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄደው የዘላቂ ቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ዙሪያ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ በመቶ የሚቆጠሩ አባወራዎች ካሳና ምትክ ቦታ እየተሰጣቸው ተነሡ። ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ኩራኩር ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ራቅ ብሎ በቀጥታ መስመር የተሸነሸነ፣ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅበት አዲስ ሰፈር ነው። በተለቀቀው ቦታ የነበሩት የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ክቦቹን የድንጋይ ቤቶች ደግሞ ቅርስ ናቸው ተብሎ እንዲቆሙ ተደረገ፤ ባዶአቸውን ማለት ነው። ከፊሉ ታደሰ። እሳት ግን የሚያነድበት የለም።

የሄዱት ሁሉ እያለቀሱ ሄዱ ብል ግን እውነቱን ማዛባት ይሆናል። በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆኖ ሲኖር የነበረ ቤተሰብ ሰፋ ያለ ግቢና የይዞታ ማረጋገጫ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። በቅርሱ አጠገብ ሳለ አንዲት ግድግዳ ለመጠገን ፈቃድ እየተከለከለ ስንት ዓመት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው፣ «እንኳን ገላገሉኝ» ቢል አይፈረድበትም። ወጣቱ ብሎኬትና ሰፊ መስኮት ይወዳል። ይህን ሁሉ ተቀብዬ እላለሁ፦ እነዚህ ሰዎች የፈለጉት መልካም ቤት ነው እንጂ ከቤተ ማርያም መራቅን አይደለም። ሁለቱን በአንድ ላይ አስረን ብንሸጥላቸው የገዙት ለቤቱ ሲሉ ነው።

ከተነሡት መካከል አቅም የሌላቸውን ደግሞ እንያቸው። በጸሎት መንገድ ዳር ጠላ እየጠመቀች፣ ጧፍና ዕጣን እየሸጠች ልጆች ያሳደገችን ሴት እናስብ። ሱቅዋ ቤቷ ነበር፤ ደንበኛዋም በደጃፏ የሚያልፈው ምእመን። አዲሱ ቦታ ግቢው ቢሰፋም በዚያ የሚያልፍ ምእመን የለም። ካሳው የድንጋዩንና የቆርቆሮውን ዋጋ ይገምታል፤ የደጃፉን ዋጋ የሚገምትበት ቅጽ ግን አልተዘጋጀም። እርጅና የተጫናቸው ባልቴትም ከደጀ ሰላሙ በአፍታ መንገድ ሲኖሩ የቀን ውሏቸው የነበረው ኪዳንና ቅዳሴ፣ መንገዱ ሲረዝም የሰንበት ብቻ፣ ጉልበት ሲከዳ ደግሞ የዓመት በዓል ብቻ ይሆናል። በላስታ ደግሞ «መነሣት» የሚለው ነገር ቀላል ትዝታ የለውም። አካባቢው በ1958፣ በ1965 እና 66፣ ከሁሉም በላይ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የተመታ ነው። በ1977 እና 78ቱ ሰፈራ ከወሎ ቀዬ በአውቶቡስና በአውሮፕላን ተጭኖ መተከልና ጋምቤላ የወረደው ሕዝብ ስንት ዘመድ እንዳስቀረ ያልሰማ ቤተሰብ እዚያ አይገኝም። ለመሐንዲሱ ሦስት ኪሎ ሜትርና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የተለያዩ ናቸው፤ ከቀዬው ተነሥ ለተባለ ሽማግሌ ግን የሁለቱ አጀማመር አንድ ነው።

ፍሳሹስ?

የሚቃወሙኝ ሰዎች ጠንካራ ክርክር አላቸው፤ አቃልዬ ላልፈው አልፈልግም። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለስላሳ ነው። ለመፈልፈል የተመቸውን ያህል ውኃም ይመቸዋል። ከላይ ከቁልቁለቱ የሚወርድ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በስንጥቁ ቢገባ ጉዳት አለው። የሕዝቡ ቁጥርም ቀልድ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 8,484 ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 17,367 ደረሰ። በ12 ዓመት ውስጥ እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ቁልቁለት ላይ አጣብቆ ማኖር አይቻልም፤ ከተማዋ መስፋት ነበረባት። ኩራኩርም ሆነ ሌላ አዲስ ሰፈር መኖሩን አልቃወምም።

የሚጣላኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ድምዳሜ ነው። የፍሳሽ መድኃኒቱ የፍሳሽ መስመር ነው እንጂ ሰውን ማንሣት አይደለም። የመንደሩ ቆሻሻ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ተፋሰስ ውጭ እንዲወርድ ቱቦ መዘርጋት፣ የጋራ መጸዳጃ መገንባት፣ ውኃ ወደየግቢው ማስገባት ብልሃቱ የሚታወቅ፣ ወጪውም የሚሰላ ነገር ነው። ደግሞም ዓለቱን ከሁሉ ይልቅ የጎዳው የመንደሩ ፍሳሽ ሳይሆን ዝናቡ ነው። ይህን ለማወቅ የጥገናውን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተደረገ አንድ ጥገና ዝናቡን ለመከላከል ብሎ ጣሪያዎቹን ሬንጅ ቀባ፤ ሬንጁ እንዳይታይ ደግሞ ቀይ ቀለም ደረበበት። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ድጋፍ የመጣው ጣሊያናዊው የሕንፃ ባለሙያ ሳንድሮ አንጀሊኒ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ይህንኑ ሬንጅ ማስፋቅ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን የሚሸፍኑ አራት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ጊዜያዊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ወደ ዐሥር ዓመት የታሰበ ነበር። ዐሥሩ ዓመት ሲሞላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ «መጠለያው ወድቆ ቤተ ክርስቲያኖቻችንን ሳያፈርስብን ይነሣልን» ብሎ አደባባይ የወጣው ማን ነው? ያው ለቅርሱ አደጋ ነው የሚባለው ነዋሪ ነው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን በዚያው ዓመት መጋቢት ላሊበላ ድረስ መጥተው ድጋፍ ቃል እስኪገቡ ድረስ ጉዳዩን ሕያው ያደረገው የመንደሩ ጩኸት ነው። ሬንጁን የቀባው ባለሙያ ነው፣ ብረቱን የተከለውም ባለሙያ ነው። ባለሙያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ያለ እሱ ዓለቱ አይድንም። ነገር ግን ጥፋት ሲቆጠር ሁልጊዜ ከጢሰኛው ጎጆ መጀመሩ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ዘመን ክርክሩን ይበልጥ ግልጽ አድርጎታል። በ2012 ኮሮና መጣ፤ ጎብኚው ጠፋ። በሐምሌ 2013 ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተገላበጠች ቆየች። ከዚያም በኋላ ለረጅም ወራት ያለ መብራት ኖራለች። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ እንደገና የተኩስ ድምፅ ተሰማባት። በዚህ ሁሉ ጊዜ አስጎብኚ ድርጅቱ ዘጋ፣ ሆቴሉ ሠራተኛውን አሰናበተ፣ የውጭው ባለሙያ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቅዳሴው ግን አልተቋረጠም። ካህኑም፣ ለካህኑ እንጀራ የምትጋግረውም፣ ደወሉን ሰምቶ የሚነሣውም እዚያው ነበሩ። ቅርስን በጎብኚ ገቢ ብቻ እንዲቆም አድርጎ ማደራጀት ምን ያህል ስስ መሠረት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ለመጪው እንግዳ ሲባል ባለቤቱን ማራቅ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዓይነት ነው።

የሎርድ ሚልተን መንደር

ለዕይታ ሲባል መንደር ማንሣት የእኛ ፈጠራ አይደለም። በእንግሊዝ ገጠር፣ ዶርሴት በሚባለው አውራጃ፣ ሚልተን አባስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ግራና ቀኝ የተሰለፉ፣ ሣር የተከደኑ፣ ነጭ የተቀቡ ቤቶችዋ እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ። የእንግሊዝ ገጠር ሲባል በሰው ሐሳብ የሚመጣው መልክ ይህ ነው። ታሪኳ ግን እንደ መልኳ አያምርም። ድሮ በጥንታዊው ገዳም ቤተ ክርስቲያን ሥር ገበያና ትምህርት ቤት ያላት የደራች ከተማ ነበረች። ርስቱን የገዛው ሎርድ ሚልተን ከገዳሙ አጠገብ ለራሱ ቤተ መንግሥት መሰል ቤት ሠራ። ከመስኮቱ ሲያይ የሰው ጭስ ማውጫና የልብስ ማድረቂያ ገመድ መታየቱ አላስደሰተውም። የኪራይ ዘመኑ ያለቀውን ቤት እየተከታተለ አፈረሰ። በ1780 እ.ኤ.አ. ገደማ ከኮረብታው ማዶ፣ ከዐይኑ በማይገባበት ሸለቆ፣ አዲሱን መንደር አስገነባ። አልወጣም ያለን አንድ ጠበቃ ለማስወጣት የግድቡን ውኃ ለቆበታል ይባላል፤ ጠበቃው ከሶ እንደረታውም ይተረካል።

አንድ ብልህ ተከራካሪ «እንግዲህ ያቺ የተነሣች መንደር ዛሬ ውብ ሆና የለም? ኩራኩርም ሁለት መቶ ዓመት ይሰጣት» ሊለኝ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰው በሄደበት ቤት ይሠራል፣ ቤቱም ያረጃል፣ ያረጀው ደግሞ ያምራል። እኔ የምመለከተው ግን መንደሯን ሳይሆን የቀረውን ቤተ ክርስቲያን ነው። ለተነሡት ሰዎች በአዲሱ መንደር ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተሠራላቸው። ጥንታዊው የገዳም ቤተ ክርስቲያን ግን አጥቢያውን አጥቶ የአንድ ባለጠጋ ግቢ ጌጥ ሆነ፤ ኋላም ለብዙ ዓመታት የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ጸሎት ቤት ሆኖ ቆየ። ድንጋዩ ምንም አልሆነም። ሁሉ ነገር በቦታው አለ፤ ምእመኑ ብቻ የለም። የላሊበላ ሰው ደግሞ ኩራኩር ላይ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ይችላል፤ ሌላ ቤተ ማርያም ግን ከየት ይፈለፍላል?

እንግሊዞቹም ቢሆኑ በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ሙሉ መንደሮችንና ሰፈሮችን ከነነዋሪያቸው «የጥበቃ ክልል» ብለው መከለል ጀመሩ፤ ዛሬ በእንግሊዝ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ እንዲህ ያለ ክልል አለ። ባለቤቱ በአንዳንዱ ክልል መስኮቱን ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ይበሳጫልም፣ ግን እዚያው ይኖራል። እርግጥ ይህም የራሱን ጣጣ አምጥቷል። ውብ የሆነውን ቤት የከተማ ባለገንዘብ ለቅዳሜና እሑድ ይገዛዋል፣ የገበሬው ልጅ በተወለደበት መንደር የቤት ዋጋ አይደፈርለትም፣ ሱቁ ይዘጋል። የሕዝቡን ኪስ ያልጠበቀ የቅርስ ሕግ ሕንፃውን ብቻ እንደሚያድን ከዚህ መማር ይቻላል። በእኛ ሠፈር አቅራቢያም ምሳሌ ሞልቷል። ዮርዳኖስ በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በጥንታዊቷ ፔትራ ዋሻዎች ይኖሩ የነበሩትን በዱል የተባሉ የበደዊን ጎሳ አባላት ወደ ተሠራላቸው መንደር አዛወረች፤ ዛሬ ብዙዎቹ በየማለዳው ወደዚያው ተመልሰው ለጎብኚ አህያና ጌጣጌጥ ያቀርባሉ። ባለቤት የነበረው ሻጭ ሆኖ ተመለሰ።

የሣር ክዳን ፍቅር

በሌላ ጫፍ ያሉትንም ሳልነካቸው ማለፍ አልችልም፤ የእኔ ወገን መስለው የሚቀርቡ ናቸውና። እነዚህ «መንደሩ እንዳለ ይቀመጥ፣ ቆርቆሮ የሚባል አይግባ፣ ሁሉም እንደ ጥንቱ በጎጆ ይኑር» የሚሉ ናቸው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተቀምጦ ስለ ሣር ክዳን ውበት መጻፍ እንዴት ቀላል ነው! ሣር በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ ልጅ ያሳድጋል። ሣሩም እንደ ድሮው አይገኝም፤ የግጦሽ መሬቱ ታርሷል፣ ያረፈው ኮረብታ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ከአቡነ ዮሴፍ ደጋ ጓሳ አጭዶ፣ በአህያ ጭኖ አውርዶ፣ ክዳን የሚያውቅ ሰው ቀጥሮ ማስከደን የሚችል አባወራ በሴፍቲኔት እህል ከሚኖርበት ቀበሌ አይጠበቅም። የላስታ ገበሬ ድህነቱን ለፎቶ ብሎ የመያዝ ዕዳ የለበትም። መንደሩ ጥንትም ቢሆን ቆሞ አያውቅም፤ ረኃብም፣ ሰፈራም፣ መንገድም፣ አውሮፕላን ማረፊያም እየቀያየሩት የመጣ ነው።

ስለዚህ የሚያዋጣው ጎጆው ራሱን እንዲችል ማድረግ ነው። ይህ ሊሆን እንደሚችል ከላሊበላ ደቡብ፣ ከመቄት ገደል አፋፍ ላይ ታይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም በመቋት ማርያም፣ በዋጀላና በሌሎችም ቦታዎች ገበሬው ራሱ ጎጆ ሠርቶ ተጓዥ እንዲያሳድር አደረገ። እንግዳው በእግሩ ወይም በበቅሎ ይመጣል፣ የቀበሌው ሰው ተራ ገብቶ ያስተናግዳል፣ ገቢውም ለማኅበረሰቡ ይውላል። ጎጆዎቹ ሲያረጁ ይከደናሉ፤ ምክንያቱም ዳቦ ያመጣሉ። ጦርነቱ ይህንንም ጎድቶታል፤ ብልሃቱ ግን የሚሠራ መሆኑ ታይቷል። በላሊበላ ከተማ ግን ክቡን ቤት ለእንግዳ ማሳደሪያ ለማድረግ የሚያስብ ባለቤት መጀመሪያ የሚያጋጥመው ክልከላ ነው፤ ማገር መቀየር ክልክል፣ መጸዳጃ መጨመር ክልክል። የተፈቀደለት ነገር ቢኖር ቤቱ እስኪወድቅ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ የቅርስ ጥበቃ ባለሥልጣኑም፣ የከተማው አስተዳደርም፣ ቤተ ክርስቲያኗም ድርሻ አላቸው። የጎብኚው የመግቢያ ክፍያ ለቤተ ክርስቲያኗ የሚገባ ነው፤ መሆኑም ተገቢ ነው፤ ጎብኚ ሲመለስ ከዚያ ላይ ጥቂቱ ለክዳን ሣርና ለግንበኛ ቢመደብ ገንዘቡ ከቤተ ክርስቲያኗ አጥቢያ አልወጣም። ቀይ ድንጋይ በጭቃ አያይዞ በክብ መገንባት የሚያውቁት አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። ሙያውን ለወጣት የሚያስተምሩበት ሥራ ካላገኙ ቤቶቹን ለማደስ ከውጭ ባለሙያ ማስመጣታችን አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሬንጅ ይዞ እንዳይመጣ ያሰጋል። የጥገና ፈቃዱም ቢሆን በሁለት ቢከፈል ይበጃል፦ ውጪው መልክ በጥብቅ ይጠበቅ፤ ውስጡ ግን ለሰው ይተው። ከውስጥ አምፖል ቢንጠለጠል፣ ቧንቧ ቢገባ፣ የከብቱ ወለል መኝታ ቢሆን የዓለም ቅርስነቱ አይናጋም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ባዶአቸውን የቆሙት ክብ ቤቶች አሉ። እነዚህን እንደገና ሰው ማስገባት አዲስ ጥናትም፣ አዲስ ብድርም አይጠይቅም። ለአብነት ተማሪዎች ማደሪያ፣ ሌሊት ለሚቀድሱ ካህናት ቤተሰብ መኖሪያ፣ በገና ሰሞን ለምእመን ማረፊያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ምድጃቸው ከነደደ ጣሪያቸውም ይቆማል። ሐሳቡ ሲነሣ አንድ ቅሬታ መምጣቱ አይቀርም፦ «ሰው ሊገባበት ከሆነ እኛን ለምን አነሣችሁን?» የሚል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ በማስተባበልም አይታለፍም። የቅድሚያ መብቱ ለተነሡት አባወራዎችና ለልጆቻቸው ይሁን፤ ካሳ ተቀብለዋል፣ ኩራኩር ላይ ቤት ሠርተዋል ተብሎ ሊነፈጋቸው አይገባም። ሁለት ቤት አላቸው የሚል ቢኖር፣ ወላጆቹ በአንዱ ልጆቹ በሌላው መኖራቸው በላስታ ቀድሞም የነበረ ነገር ነው።